ስምንት እሾህ፣ ዘጠኝ እሾህ

በደርግ ጊዜ ከሚኤሶ እስከ ሂርና ድረስ ስለ ባሕር ዓሣ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አንዱ ባሕር ላይ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። ሌላው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ባሕር የሚባለውን ነገር እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። እንዲያም ሆኖ ስለ አንድ የዓሣ ወገን ብትጠይቁኝ ጀርባው ላይ ስንት እሾህ፣ ሆዱ ስር ስንት እሾህ እንዳለው ሳላመነታ እነግራችኋለሁ። ጉራ ነው ትሉኝ ይሆናል። ጉራ ነው፤ ግን እውነተኛ ጉራ ነው።

ትምህርቴን የተውኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ወይም እሱ ነው የተወኝ፣ ብቻ ተግባብተን ነው የተለያየነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በቤተ ሙከራ ጠባቂነት ቀጠረኝ። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ፣ አቧራ ማራገፍና በር መቆለፍ ነበር። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግን መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። ተማሪዎቹ መምህራኖቻቸውን ከመጠየቃቸው በፊት ወደ እኔ ይመጡ ነበር። እኔም የማላውቀውን ጥያቄ እንኳ ሳልመልስ ሰድጄ አላውቅም። የኋላ ኋላ ጉድ የሠራችኝ ይህችው ጠባይ ናት።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ አዲስ የባዮሎጂ መምህር መጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቁም ድምፅ የሌላቸው ሰው ናቸው። ምጽዋ ዓሣ ምርምር ላይ ሠርተዋል። ጦርነቱ ሲከፋ ከዚያ ወጡና መምህር ተብለው ወደ እኛ ተመደቡ። ከአልጋና ከብርድ ልብስ በፊት ከመኪናው ያወረዱት አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ገለባ፣ ገለባው ውስጥ ሦስት አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ጠርሙሶቹ ውስጥ ፎርማሊን፣ ፎርማሊኑ ውስጥ አሥራ አንድ ዓሣ።

ዓሣ ስላችሁ ቆርቆሮ ውስጥ የምታውቁትን ሞላላ ነገር እንዳታስቡ። እነዚህ ቁመታቸው ከርዝመታቸው እኩል ነው። ከጎን ስታያቸው የመጫወቻ ካርታ ላይ ያለችውን ባለአራት ማዕዘን ቀይ ይመስላሉ፤ ከፊት ስታያቸው ደግሞ በር ላይ ተጨፍልቀው የቀሩ ይመስል ስስ ናቸው። ዓይናቸው ትልቅ፣ አፋቸው ትንሽ፣ ወደፊት ሾል ያለች። ባሕር ውስጥ ሳሉ ቀይ ነበሩ አሉኝ፤ ፎርማሊን ቀለማቸውን ወስዶት አመድማ ሆነዋል። እያንዳንዳቸው ጅራት ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት አለች፤ በእርሳስ የተጻፈች።

“ስማቸው ማነው ቲቸር?” አልኳቸው።

“አፋቸው ስለሚሾል በፈረንጅ አፍ የከርከሮ ዓሣ ይባላሉ።”

በሩ ላይ ቆመው ያዩ የነበሩት ዘበኛችን፣ ሽማግሌው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። “ያ ረቢ! ከርከሮ ትምህርት ቤት ውስጥ?”

“ኦቦ፣ ዓሣ ነው እኮ!” አልኩ።

“ዓሣ ከሆነ ለምን ከርከሮ ይሉታል? ከርከሮ ከሆነ ለምን ውሃ ውስጥ ይገባል?” አሉና ሄዱ።

መምህሩ ያለ ድምፅ ሳቁ። “ሽማግሌው የጠየቁትን ነው ሊቃውንቱም የሚጠይቁት” አሉኝ። ነገሩን ያስረዱኝ ያን ቀን ነው። ይህ ወገን ትንሽ ነው፤ በጣት የሚቆጠሩ ዓይነቶች ብቻ ናቸው፤ ዘመዳቸው ማን እንደሆነ ግን አልተስማሙበትም። አንዱ መጽሐፍ አጥንታቸውን አይቶ ከአንድ ቤተሰብ ያስገባቸዋል። ሌላው እሾሃቸውን ቆጥሮ ከዚያ አውጥቶ ከሌላ ቤተሰብ ይጨምራቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ የማንም አይደሉም፣ ለብቻቸው ይቀመጡ ይላል።

“አየህ፣” አሉኝ፣ “ይህ ዓሣ እኔ ሳውቀው እንኳ ሦስት ጊዜ ተዛውሯል። እኔ ከምጽዋ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ የዝውውር ማመልከቻ ስጽፍ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚያ አልተዛወርኩም።”

ቀልድ ነው ያሉት፤ እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ባለቤታቸው ነርስ ናት፤ አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እሳቸው ወደ ምጽዋ ሲሄዱ ገና አትቆምም ነበር። አሁን ትሮጣለች። ክረምት ላይ ሄደው በሩን ሲያንኳኩ ልጅቷ ከፍታ አይታቸው ወደ ውስጥ ዞራ “እማዬ፣ ሰውዬ መጥቷል” ብላለች። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ እየወለወሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እንግዲህ እነዚያ አሥራ አንድ ዓሦች መውጫቸው ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሦቹ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ሁሉም የመዳፍ ያክላሉ። ግን የተያዙት በሁለት መረብ ነው፤ ገሚሱ ጥልቅ ከሆነው ባሕር፣ ገሚሱ መለስተኛ ጥልቀት ካለው። መምህሩ የጀርባቸውን እሾህ ቆጠሩ። ሲያዩት የጥልቁ ስምንት ነው፣ የመለስተኛው ዘጠኝ። ይህ እውነት ከሆነ መጽሐፉ አንድ ዓይነት የሚለው ዓሣ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። ስምንት እሾህና ዘጠኝ እሾህ ምን ለውጥ አለው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ሰጥተው፣ እሾህ ከለስላሳው ዘንግ እንዴት እንደሚለይ አሳዩኝና ራሴ ቆጠርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ቆጠራ ሱስ ሆነብኝ። ገበያ ላይ የዶሮ ጣት ሳይቀር እቆጥር ነበር።

ማስታወሻ ደብተር ነበራቸው፤ የባሕሩ ጥልቀት፣ ቦታው፣ ቀኑ ሁሉ የተጻፈበት። ከምጽዋ ሲወጡ ግን አቃጠሉት። ጦርነት ባለበት አገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ የባሕር ጥልቀት ይዞ ኬላ ማለፍ ምን እንደሚያመጣ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። “ፈታሽ ፎርማሊን ውስጥ እጁን አይከትም” ብለው ሁሉንም ነገር ወደ እነዚያ የጅራት ወረቀቶች በእርሳስ ገለበጡት። ስለዚህ ወረቀቶቹ ብቻ ነበሩ። ሌላ ቦታ የተጻፈ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ለአንድ የአዲስ አበባ ምሁር ጻፉለት። ለብዙ ጊዜ መልስ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ዓሦቹን ከነወረቀታቸው ላክልኝ ይላል። ነገሩ እንደጻፍከው ከሆነ እዚህ አብረኸኝ እንድትሠራ እኔው ራሴ አስጠይቅሃለሁ ይላል። መምህሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው አጠፉት፤ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት፤ ከዚያ ኪሳቸውን በእጃቸው ያዙት፣ ይበርብኛል ያሉ ይመስል።

በነጋታው ሌላ ወረቀት መጣ። መምህራን ለሦስት ሳምንት ወደ ቦኬ ገጠር ለዘመቻ ይሂዱ የሚል። የዚያን ጊዜ ዘመቻ እምቢ አይባልም።

“ስመለስ እልካቸዋለሁ” አሉኝ ቁልፉን እየሰጡኝ። “ምንም አትንካ። ፎርማሊኑ እንዳይጎድል ብቻ ተመልከት።”

“ቲቸር፣ እኔ እያለሁ?” አልኩ። ደረቴን መታሁ። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል።

የዚያ ወር ሙቀት ከሚኤሶ ቆላ ወጥቶ ከተማችን ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። የሁለቱ ጠርሙሶች ክዳን ድሮም አየር ያስገባል። በሁለተኛው ሳምንት ሳይ ፎርማሊኑ ከግማሽ ወርዷል፤ የዓሦቹ ጀርባ ከላይ ብቅ ብሎ ሊደርቅ ነው። ፎርማሊን የለም። ሐረር የተላከው የዕቃ መጠየቂያ መልስ አልመጣም። እዚህ ላይ ያነበብኩት ሁሉ ወደ ጭንቅላቴ መጣ፦ ዓሣ በአልኮል ይቀመጣል ይላል መጽሐፉ። ጎበዝ አንባቢ ነኝ አላልኳችሁም?

አረቄ የምታወጣ ሴትዮ ሰፈራችን ነበረች። ጀሪካን ይዤ ሄድኩ።

“ዳግም ስጪኝ፣ ሁለት ጊዜ የወጣውን፤ እሳት ስታስነኪው የሚነድደውን።”

“ድግስ አለህ እንዴ?”

“እንግዶች አሉብኝ፤ ከምጽዋ የመጡ።”

“ስንት ናቸው?”

“አሥራ አንድ።”

“ይሄን ጠጥተው ይቆማሉ?”

“ድሮም አይቆሙ፣ ተኝተው ነው የሚጠጡት” አልኳት። ሳቀች። እኔም እየሳቅኩ ተመለስኩ። ዘበኛው ሽታው ሸተታቸውና “ማል ጎቴ? ምን አደረግክ? ወላሂ ከርከሮውን ልታሰክረው ነው!” አሉኝ። ለእሳቸውም ሳቅኩላቸው።

አረቄው ለሦስት ጠርሙስ አልበቃም። ስለዚህ አሥራ አንዱንም በአንድ ትልቅ ጠርሙስ ጨመርኳቸው። ወረቀታቸው ጅራታቸው ላይ አይደል? ምን ቸገረኝ። ይህ የመጀመሪያው ብልጠቴ ነው።

ሁለተኛው ብልጠቴ ይብሳል። ዓሦቹ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው። በመንገድ ስንት ኬላ አለ፤ ማህተም የሌለው ነገር አዋሽን አይሻገርም። እኔ ደግሞ መምህሩ ሲመለሱ ሁሉንም አሰናድቼ ላስደንቃቸው ፈልጌያለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ጋ ሄጄ ለእያንዳንዱ ዓሣ ወረቀት የትምህርት ቤቱን ማህተም እንድትመታልኝ ለመንኳት።

“በእርሳስ የተጻፈ ላይ አልመታም” አለች። “በእርሳስ የተጻፈ ምን ዋጋ አለው? ነገ ቢፋቅስ?”

እውነቷን ነው! እኛ አገር በእርሳስ የሚጻፈው የልጅ የቤት ሥራ ነው። ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱንም በእስክሪብቶ፣ በዚያ በማላፍርበት ቆንጆ ጽሑፌ ገለበጥኳቸው። እሷም በእያንዳንዱ ላይ ወይን ጠጅ ማህተም መታችበት። አሮጌዎቹን የእርሳስ ወረቀቶች ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። አንድ ዓሣ ሁለት ወረቀት ይዞ ቢገኝ ፈታሹ ይጠረጥራል ብዬ ነው። አዲሶቹን በክር አሰርኩ፤ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ዙሪያውን በሰም አሸግኩ። ራሴን በራሴ ትከሻዬን መታ መታ አደረግኩ።

ጠዋት በሩን ስከፍት ጠርሙሱ ወይን ጠጅ ሆኗል።

ገና ቆሜ ሳየው ቆንጆ ነገር መስሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅማ። ከዚያ ገባኝ። አረቄው ማህተሙን ፈትቶታል። እስክሪብቶውንም ፈትቶታል። ሰሙን ፍቄ አንዷን ወረቀት አወጣሁ፤ ነጭ ናት፣ ዳሯ ላይ ትንሽ ሐምራዊ ደመና አላት እንጂ። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። አሥራ አንዱም አንድ ፊደል የላቸውም። ዓሦቹ ራሳቸው ወይን ጠጅ ሆነዋል፤ እስከ ዓይናቸው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀልድ ብፈልግ አጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። የታየኝ ዓሣው አልነበረም፤ በር ከፍታ “ሰውዬ መጥቷል” የምትለው ልጅ ናት።

ለመምህሩ ሰው ልላክባቸው? ቦኬ ድረስ? ምን ብዬ? አምስት ቀን እህል አልዋጥልኝ አለ። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ ሆዴን ነው አልኳት። በስድስተኛው ቀን ያቺ ጠባዬ ተመልሳ መጣች። እንዴ፣ አልኩ፣ መምህሩ ራሳቸው ነግረውኝ የለም? የጥልቁ ስምንት፣ የመለስተኛው ዘጠኝ! ታዲያ እሾሃቸውን ቆጥሬ ወረቀቱን መመለስ ያቅተኛል?

አጉሊ መነጽሩን ይዤ ቆጠርኩ። ስድስቱ ስምንት፣ አምስቱ ዘጠኝ። ስምንት ባለው ሁሉ ላይ “ከጥልቁ”፣ ዘጠኝ ባለው ሁሉ ላይ “ከመለስተኛው” ብዬ ጻፍኩ፤ ቦታውንና ቀኑን ስገለብጥ አእምሮዬ ውስጥ ከቀረው ጨመርኩበት። አሁን በእርሳስ ነው፤ በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ። የሰው እጅ ጽሑፍ አስመስዬ ስጽፍ ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። ይህም ጉራ ነው፤ የማላፍርበት ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል።

መምህሩ ከቦኬ ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ነበር። ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ቤተ ሙከራው መጡ። ወይን ጠጁን ጠርሙስ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

“ምንድነው ይሄ?”

“ፎርማሊኑ ጎድሎ ሊደርቁብኝ ነበር ቲቸር። አረቄ ጨመርኩ። ክዳኑ ላይ ማህተም ነበር፤ እሱ ገብቶ ነው ያቀለማቸው” አልኩ። 

ቀረብ ብለው አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን በጠርሙሱ ውስጥ ተመለከቱ። ፊታቸው ሲበራ አየሁት። “ወረቀቶቹ ደህና ናቸው?” አሉ። “ደህና ናቸው! ተወው፣ ቀለም ምን ያደርጋል! ወረቀቱ ካለ ዓሣው አለ።” ትከሻዬን ያዙኝ። “አንተ ባትኖር ደርቀው ነበር የማገኛቸው። እግዜር ይስጥህ።”

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ! አልተናገርኩም። አሜን አልኩ።

እጃቸውን ታጥበው ዓሦቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ወረቀት ያነባሉ፣ እሾህ ይቆጥራሉ፣ ወደ ቀኝ ያደርጋሉ፤ ወረቀት ያነባሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ወደ ግራ። ስድስት በቀኝ፣ አምስት በግራ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ እጃቸው ቀስ አለ።

“አንዷ የታለች?” አሉ።

“ሁሉም አሉ ቲቸር፣ አሥራ አንድ።”

“አንዷ ስምንት ነበራት፤ ግን ከመለስተኛው ነው የወጣችው። ለሰውዬውም ጽፌለታለሁ። ‘ሁሉም ይገጥማሉ፣ አንዷ ግን አልገጠመችልኝም፤ ሕፃን ትሁን ሦስተኛ ዓይነት ትሁን እዚያ መጥቼ ልያት’ ብዬ። እሱ የፈለገው እሷን ነው።” ቀና ብለው አዩኝ። “እዚህ ሁሉም ይገጥማሉ።”

የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጅጌዬ ወለወልኩ።

“ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው” አሉ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው፤ “የጻፍኩት እኔ ነኝ?”

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አረቄው፣ ስለ ታይፒስቷ፣ ስለ ምድጃው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በቀኝ ያሉትን ስድስቱን ያዩ ጀመር።

“በምን ትለያለች ቲቸር? እንፈልጋት!”

“ፈዘዝ ያለች ነበረች። ከሌሎቹ ትንሽ ፈዘዝ ያለች።”

ስድስቱም ወይን ጠጅ ናቸው።

የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ያኔም አልተመለስኩም። ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ፣ “ቲቸር፣ ከስድስቱ አንዷን ይምረጡና ‘ይቺ ናት’ ይበሉ። እኔ እጽፍላታለሁ። ማን ያውቃል? እርስዎ፣ እኔና ዓሣዋ። ዓሣዋ አትናገር። ልጅዎን ያስቡ እንጂ!” አልኳቸው።

ልጅዎን ስላቸው እጃቸው ተንቀሳቀሰ። አንዷን አነሱ። በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት። “ይቺ ብትሆንስ?” አሉ፤ ለእኔ አይደለም። እርሳሱን አቀበልኳቸው፤ ተቀበሉኝም። የቤተ ሙከራው ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ። ወረቀቷን አዞሩና የእርሳሱን ጫፍ አስነኳት። “ከ” ብለው ጻፉ። አንድ ፊደል። 

ከዚያ እርሳሱን አስቀመጡት።

“ስድስት ናቸው” አሉ። “በአንዷ እውነት ይሆናል፤ በአምስቱ ውሸት። ሰውዬው እኔን አምኖ አንጀቷን ከፍቶ፣ አጥንቷን ቆጥሮ፣ ቤተሰብ ሊሰጣት ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ እሱን አምኖ ይቆጥራል። እስከ መቼ ድረስ?”

“ታዲያ እርስዎስ?” አልኩ። ድምፄ ወጣ ብሏል። “እርስዎስ እስከ መቼ ድረስ?”

 የጻፍኳቸውን አሥራ አንድ ወረቀቶች ቆርጠው ጣሉ። ንጹሕ ወረቀት ቆረጡና በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ “የወጣበት ባሕር ጠፍቷል” ብለው ጻፉ። አሥራ አንድ ጊዜ። አንዱን እንድጽፍ እንኳ አልሰጡኝም።

ዓሦቹ ከአንድ ረዥም ደብዳቤ ጋር ተላኩ። ማህተሙ በደብዳቤው ላይ ነበር፤ አዋሽን ያለ ምንም ጥያቄ ተሻገሩ። ከወር በላይ ቆይቶ መልስ መጣ። ምሁሩ ጨዋ ሰው ነው። ዓሦቹ ደርሰውኛል፣ ስለ ታማኝነትህ አመሰግናለሁ፣ እሾሃቸው እንዳልከው ነው፤ ግን የወጡበት ካልታወቀ ምንም ማለት አልችልም፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ ይላል። ሌላ ዓሣ ካገኘህ ጻፍልኝ ይላል። አሰበ ተፈሪ ላይ! ስለ ዝውውር አንድ ቃል የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ቴሌ አብረን እንሂድ አሉኝ። ለምን እኔን እንደፈለጉ እስካሁን አላውቅም፤ ብቻቸውን መሆን ከብዷቸው ይሆናል። በከተማችን ስልክ ቤት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተህ በሩን ብትዘጋም ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማሃል፤ መስመሩ ሩቅ ስለሆነ መጮህ አለብህ። የአንድ ሰው ሐዘንም ደስታም እዚያ የከተማው ነው።

የስልክ ቤቷ ሠራተኛ “አዲስ አበባ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ቁጥር ግቡ!” ስትል ገቡ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከአሰቦት የመጣ ነጋዴ ከነሻንጣው ተቀምጧል።

“ዘንድሮም አልሆነም!” ሲሉ ሰማሁ። “አልሆነም! … አይ፣ እሱ አይደለም፣ ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው። … እኔ ነኝ! … እኔው አበላሸኋቸው! ወረቀቱ ጠፋብኝ! … አዎ፣ በእኔ ግድየለሽነት ነው!”

ነጋዴው ወደ እኔ ዞሮ “ምን ጠፋበት?” አለኝ።

ሰውነቴ ተነሣ እንጂ እኔ አልተነሣሁም። የሣጥኑን በር ከፍቼ ገባሁ። ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ደረቴ ከጀርባቸው ተጣበቀ። “ስልኩን ይስጡኝ” አልኳቸው። “ይስጡኝ፣ እኔ ነኝ የምነግራት።” እምቢ አሉ፤ ጎተትኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መምህር ላይ እጄን ያነሣሁት ያን ቀን ነው።

“ሃሎ! እመቤቴ፣ እኔ የቤተ ሙከራው ጠባቂ ነኝ!” ብዬ ጮህኩ።

ሩቅ፣ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ መጣ። “አንተ ነህ? ስላንተ ሁልጊዜ ይጽፍልኛል። ‘እዚህ አገር ወንድም አግኝቻለሁ’ ይላል።” ማልቀሷን ያዝ አድርጋ ነው የምትናገረው። “አደራህን፣ ብቻውን አትተወው። ስላደረግክለት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥህ…”

“አይደለም እኮ፣ እኔ እኮ ነኝ…” አልኩ።

“ሦስት ደቂቃ አልቋል!” አለች የስልክ ቤቷ ሠራተኛ፤ መስመሩ ተቆረጠ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። መምህሩ ጀርባቸውን ሳይሆን አሁን ፊታቸውን ሰጥተውኛል፤ እንዴት እንደተዟዟርን አላውቅም። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ቦታው ሰቀሉት።

“እንደገና ያስደውሉልኝ” አልኳቸው። “ልንገራት።”

“ተራ አለ” አሉኝ። “ሰው ይጠብቃል።”

ስንወጣ ነጋዴው ሻንጣውን አንሥቶ ገባ። ዝውውራቸው የመጣው ከሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ነው፤ በማመልከቻ፣ እንደማንም ሰው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሌሎች ስልኮች ተደውለዋል፤ ለባለቤታቸው ግን ማን እንዳበላሸው እንድነግራት አንድ ጊዜ እንኳ አልፈቀዱልኝም። እኔም፣ ለማንም ሰው መልስ የማላጣው ሰው፣ አድራሻዋን እያወቅኩ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩላትም።